የሸማው መሐል፦ በጨርቅ ላይ በእጅ ስለማተም በኮላ ድባ የቀረበ ዲስኩር



የማወራችሁ በጨርቅ ላይ በእጅ ስለማተም ነው። የተቀረጸ እንጨት ወይም ቅል ቀለም አስነክቶ ሸማ ላይ መምታት አንዱ መንገድ ነው። ቅርጽ በተቆረጠበት ፕላስቲክ ላይ ቀለም እየቀቡ በቀዳዳው ማሳለፍ ሌላው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገውን ቦታ በሰም ወይም በሊጥ ሸፍኖ የቀረውን ማቅለም ነው። አንዳቸውም ፋብሪካ አይሹም። ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ውሃና ታጋሽ እጅ ካለ እዚሁ ደምቢያ፣ ኮላ ድባ ላይ ይሠራሉ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የሸማኔያችን ጥበብ ያረፈው ጠርዝ ላይ ነው፤ ጥለቱ ላይ። መሐሉ ነጭ ነው። በእጅ የሚያትም ሰው ጥለቱን ሊቀዳ ከተነሣ የሸማኔውን እንጀራ ይነጥቃል። ጥለቱን ለባለቤቱ ትቶ ነጩን መሐል ከያዘ፣ መወርወሪያ ሊሠራው የማይችለውን ነገር እዚያ ላይ ካኖረ ግን ሁለት ሙያ በአንድ ልብስ ላይ ይገናኛል። ንግግሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ያህል አጥብቄ የያዝሁበት ምክንያት አለኝ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውጡና የልብስ ሱቆቹን ተመልከቱ። ከሩቅ ሲያዩት የሐበሻ ቀሚስ የሚመስል፣ ቀርበው ሲዳስሱት ግን ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት ስስ ጨርቅ ከውጭ እየመጣ ይሸጣል። ሸማኔው ቀናት የሚፈጅበትን ጥለት ማሽን በደቂቃ ያትመዋል። የምትገዛዋን እናት አልወቅስም፤ ልጇን ለበዓል ማልበስ አለባት፣ አቅሟም የሚፈቅደው ያንን ነው። ያ ጨርቅ ግን ከሸማው መልኩን ወሰደ እንጂ ለሸማኔው፣ ለፈታይዋና ለጥጥ ገበሬው የመለሰው የለም። እኛ በእጅ የምናትም ሰዎች ያንኑ በትንሹ የምንደግም ከሆነ ብንተወው ይሻላል።

ጎንደር በጨርቅ ላይ አዲስ ነገር መሞከር ብርቋ አይደለም። ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ዘመነ መንግሥት የተሸመኑ የሐር መጋረጃዎች አሉ። ቁመታቸው ከ5 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል ናቸው። የተሠሩት እኛ በምናውቀው የሸማኔ ዕቃ አይደለም፤ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ገበታዎች ክሩን አሳልፎ፣ ገበታዎቹን በእጅ እያዟዟሩ በመሸመን ነው። ሐሩ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። በላዩ የተሸመነው ግን የጎንደር ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሕይወት ነው፤ ጸናጽል የያዙ ካህናት ሳይቀሩ ይታያሉ። ያን ያህል ትልቅ ሥራ ማንም በአንድ ጊዜ አይደርስበትም። ከበስተጀርባው ብዙ የተሞከረ፣ ብዙ የተፈታና እንደገና የተሠራ ነገር እንዳለ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። የጎንደር ሠዓሊዎች በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳውን ራሱን አልቀቡም። የጥጥ ጨርቅ ለጥፈው በጨርቁ ላይ ነው የሣሉት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ግድግዳውን አተኩሮ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። የዚህ አሠራር አሳዛኝ ማስረጃም አለን። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሠራው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ ከግድግዳው አላቅቆ ሊወስዳቸው ቻለ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተተካ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በግድግዳው ላይ በቀጥታ ቢሣሉ ኖሮ ያን ያህል ቀላል አይሆንም ነበር።

ይህን ያነሣሁት ቅሬታ ለማሰማት ብቻ አይደለም፤ ቅሬታው ተገቢ ቢሆንም። ቀለም በሸማ ላይ እንዲቆም የማድረግ ዕውቀት በአካባቢያችን ከ300 ዓመት በላይ መኖሩን እንድታስታውሱልኝ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የግድግዳ ጨርቅ አይታጠብም፣ አይጨመቅም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ነጠላ ግን ይታጠባል። በእጅ የሚያትም ሰው ፈተናው ከሠዓሊው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የታተመ ጨርቅስ ለጎንደር አዲስ ነው? አይደለም። የቆዩ የብራና መጻሕፍትን ሽፋን ግለጡ። በቆዳ የተለበጠው የእንጨት ገበታ ከውስጥ በኩል መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ። ከሕንድና ከሌላ አገር የመጣ፣ አንዳንዱ የተሸመነ፣ አንዳንዱ በእጅ የታተመ ነው። ደጓሹ ያን ቁራጭ እንደ ጌጥ አድርጎ ከመጽሐፉ ጋር አኑሮታል። በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ዘመን የተሣሉትን ቅዱሳን ልብስም ተመልከቱ፤ በአበባና በቅጠል ያሸበረቀ ነው። ሠዓሊው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ ያየውን ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ በብሩሹ መዝግቦልናል። ቀለም በሌለበት ጊዜም ሸማኔው ዘዴ አላጣም፤ ከውጭ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተረ ክሩን ለጥለት ያውለው እንደነበር የቀድሞ ተጓዦች ጽፈዋል። አስቡት፣ የሰው አገር ጨርቅ ፈትቶ የራሱን ልብስ ጠርዝ ሠራበት። ይህ ልመና አይደለም፤ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ቀለም ጨርቅ ላይ የሚቆመው በሁለት መንገድ ነው። ወይ እንደ ጭቃ ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ ወይ ከክሩ ጋር ይዋሐዳል። የጥላሸት ቀለም የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የቁም ጸሐፊዎቻችን ቀለም በብራና ላይ መቶ ዓመታት ይቆያል፤ ሸማ ላይ ብታሳርፉትና በኦሞ ብታጥቡት ግን እየገረጣ ይሄዳል፣ የሚያጣብቀው ነገር ካልተጨመረበት በቀር። ጃፓኖች ለዚህ የአኩሪ አተር ወተት ይጠቀማሉ። የአተሩ ፕሮቲን ሲደርቅና ሲቆይ ጥላሸቱን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል። ደምቢያ የሽንብራ አገር ነው። ሽንብራን ዘፍዝፎ ፈጭቶ በማጥለል የሚገኘው ወተት ይሠራ እንደሆነ እዚህ የተቀመጡ ሠልጣኞች ሊፈትሹት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ዋጋው ጥቂት፣ ጉዳቱ ምንም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ነው የጥንቱ ትልቁ ምሥጢር። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፆች ጨርቅ ስለሚያቀልሙበት መንገድ ተደንቆ ጽፏል። ነጩን ጨርቅ መልክ በሌለው ነገር ይቀቡታል፤ ምንም አይታይም። ከዚያ በአንድ ድስት ውስጥ ይነክሩታል። ድስቱ ውስጥ ያለው ቀለም አንድ ሆኖ ሳለ ጨርቁ ሲወጣ ብዙ ቀለም ይዞ ይወጣል። መልክ የሌለው ነገር ቀለም አያያዥ ነው፤ ለምሳሌ ሸብ። ሸብ የተቀባበት ቦታ ቀለሙን አንድ ዓይነት አድርጎ ይይዘዋል፣ የብረት ውሃ የተቀባበት ሌላ ዓይነት ያደርገዋል፣ ምንም ያልተቀባው ሲታጠብ ይለቃል።

ሕንዶች ይህን ዕውቀት ወደ ታላቅ ሙያ አሳደጉት። በጉጃራት የታተሙ ጥጥ ጨርቆች በግብፅ ፉስጣጥ፣ እንዲሁም በቀይ ባሕር ዳርቻ በቁሰይር ተገኝተዋል፤ ከመካከላቸው 1,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ አሉ። ያ ጨርቅ የተጓዘበት ባሕር የእኛም ነጋዴዎች በምጽዋ በኩል ይደርሱበት የነበረው ባሕር ነው። ዛሬም በጉጃራት ኩች ወረዳ አጅራክ የሚባለውን ጨርቅ የሚያትሙ ቤተሰቦች ቁርጥራጭ ብረት ከጥሬ ስኳር ጋር በውሃ ዘፍዝፈው እስኪቦካ ይጠብቃሉ፤ ጥቁሩ መስመራቸው የሚወጣው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ደምቢያ እንመልሰው። ብረት አለን፤ አንጥረኛ ቤት የማይወድቅ ቁርጥራጭ የለም። ሸብ ከገበያ ይገኛል። ቆዳ አልፊዎች የሚጠቀሙበት የግራር ቅርፊት፣ የሮማን ልጣጭም አለ። እነዚህ ጥጥን ለቀለም የሚያዘጋጁ ናቸው፤ ጥጥ በራሱ ከቀለም ጋር ቶሎ አይስማማምና። ሸማውን በግራር ቅርፊት ውሃ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። ፈዛዛ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ዝገት በአቼቶ ዘፍዝፋችሁ ያገኛችሁትን ውሃ በሙጫ አወፍሩና በተቀረጸው እንጨት አትሙበት። በዓይናችሁ ፊት ቡናማው ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይዞራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዝም ብሎ ሲያይ ይቆያል። እኔ እስካሁን አልጠገብሁትም።

ጥንቃቄም አለው። የብረቱ ውሃ ከበዛ ጥጡን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ከዓመታት በኋላ ጨርቁ በጥቁሩ መስመር ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ በጥቂቱ፣ ተጣርቶ፣ ከታተመም በኋላ በደንብ ታጥቦ መሆን አለበት።

ሙጫውን ያነሣሁት በዋዛ አይደለም። የብረት ውሃም ሆነ የሸብ ውሃ ብቻውን ከተመታ ይፈስሳል፣ ቅርጹ ይበላሻል። የሚያወፍረው ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከግራር ሙጫ የሚስተካከል ጥቂት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጨርቅ አታሚዎች ሙጫውን ከሴኔጋል ጠረፍ ነበር የሚያገኙት። ሙጫው እጅግ ከመፈለጉ የተነሣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ጠረፍ ተዋግተዋል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1758 ሴንት ሉዊን ሲይዙ ከፈለጉት አንዱ ይኸው ንግድ ነበር። እኛ ሙጫ የሚገኝበትን ቆላ በስተምዕራብ በመተማ በኩል ይዘን፣ ሙጫው በጥሬው እየተጫነ ሲሄድ እናያለን።

ቢጫ ከፈለጋችሁ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አለ። በየቤቱ የሚጣል ነገር ነው። ሸብ በተነከረ ጥጥ ላይ ከወርቅማ ቢጫ እስከ ወይራማ ቡናማ ይሰጣል። እርድ ግን አያታልላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያበራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይጠፋል። በእርድ የታተመ ነጠላ ለደንበኛ መሸጥ ማጭበርበር ነው እላለሁ፤ ቃሉ ይክበድ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። እንሶስላም ለእጅና ለእግር የተፈጠረ ይመስል ቆዳ ላይ ይጸናል፣ ጥጥ ላይ ግን ይደክማል።

እዚህ ላይ የስፌት ባለሙያ እናቶቻችንን ማንሣት ግዴታዬ ነው። ስንደዶና አክርማ አለላ አድርገው በማቅለም በኩል ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ በዚህ አካባቢ የለም። እሳቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ከየትኛው ቀለም በኋላ የትኛው እንደሚገባ በዓይን ይለኩታል። ከገበያ በከረጢት የሚገዛው የስፌት ቀለም ግን ሣር ላይ ስለያዘ ጥጥ ላይም ይይዛል ማለት አይደለም፤ ብዙው በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል። ከእናቶቻችን የምንማረው ቀለሙን ሳይሆን የእጃቸውን ልክ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ለማንኛውም የኅትመት ሥልጠና የመጀመሪያዋን መምህርት የምመርጠው ከእነርሱ መካከል ነበር።

ከማተም በፊት ማጠብ አለ። ሸማ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ በውስጡ የጥጡ የራሱ ቅባት፣ ድሩን ለማጠንከር የተቀባው ሙቅም አለበት። ያ ካልወጣ ቀለም ላዩ ላይ ቀርቶ ይላጣል። በአመድ ውሃ ወይም በእንዶድ መቀቀል ያወጣዋል። እንዶድ ስል ዶክተር አክሊሉ ለማን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቢልሃርዝያን በሚያሠራጩት ቀንድ አውጣዎች ላይ የሚሠራ መድኃኒት አገኘ። ትልቅ ግኝት ነው፤ ግን ሌላ ነገርም ይነግረናል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። መገጭ ወንዝ የሚገባው ጣና ነው፣ ጣና ላይ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ወንድሞቻችን ናቸው። የእጥበትም የቀለምም ውሃ ወንዝ ውስጥ አይደፋ። ጉድጓድ ቆፍሮ በአፈር እንዲጣራ ማድረግ ከባድ አይደለም። ከአሮጌ መጻሕፍት ላይ ባይክሮሜት ተጠቀሙ የሚል መመሪያ ካገኛችሁ አትንኩት፤ መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ግራሩንም ዙሪያውን አትላጡት፤ ይደርቃል። ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይ የሚገኘው ቅርፊት ይበቃናል።

ሰም የሚወድ ደግሞ ሩቅ አይሄድም። የጣና ዙሪያ የማር አገር ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠራው ሰም ለጨርቅም ይሆናል። ቀልጦ በማኅተም ወይም በብሩሽ ጨርቁ ላይ ይደረግና ጨርቁ በቀዝቃዛ ቀለም ይነከራል። ሰሙ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ስለሚቀልጥ ትኩስ ቀለም አይቀበልም። በናይጄሪያ ዮሩባዎች አዲሬ ለሚባለው ጨርቃቸው በሰም ፈንታ የካሳቫ ገንፎ ይቀባሉ። በጤፍ ዱቄት ሙቅም የሚሞክር አለ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቀለም ያስገባል። ለአንዳንድ ሥራ ያ ስንጥቅ ራሱ ያምራል።

አሁን ስለ ማተሚያው። በጋና ንቶንሶ በምትባል ከተማ አዲንክራ የሚባል ጨርቅ ይታተማል። ማኅተሞቹ የሚቀረጹት ከቅል ቅርፊት ነው፤ ቀለሙም ከዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ የሚወፍር ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ቶማስ ባውዲች የተባለ ተጓዥ የወሰደው አንድ ጨርቅ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ከ200 ዓመት በኋላም ቅርጹ ይነበባል። ቅል! እኛ ቤት ቅል የሌለው ማን ነው? ቅሉ ክብ ስለሆነ ማኅተሙን ጨርቁ ላይ እያንከባለሉ ይመቱታል፣ ጠፍጣፋ እንጨት የሚያቅተውን ወጣ ገባ የእጅ ፈትል ክር እርሱ ያገኘዋል። የኛ ሸማ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ወለሉ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ልሙጥ አይደለም። ቀጭን መስመር ይቆራረጥበታል። ቅርጹ ወፈር ያለ፣ ክፍተቱም ሰፊ መሆን አለበት።

እንጨት ለሚመርጥ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ለቢላ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ወይራ የበለጠ ይቆያል፣ ግን ለጀማሪ እጅ ይከብዳል። በፊደል የምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፊደሉ በእንጨቱ ላይ ተገልብጦ፣ እንደ መስተዋት ምስል ነው የሚቀረጸው። ፊደላችን እግሩና ቀለበቱ አቅጣጫ ስላለው ሲገለበጥ ሌላ ነገር ይሆናል። በስስ ወረቀት ላይ በትክክል ጽፎ ወረቀቱን ገልብጦ እንጨቱ ላይ መለጠፍ ቀላሉ መንገድ ነው። ለፕላስቲክ ቅርጽ ደግሞ አሮጌ የራጅ ፊልም ድንቅ ነው፤ አይቀደድም፣ ታጥቦ ይደጋገማል።

በአገራችን እንጨት ቀርጾ ማተምን በትምህርት ቤት ደረጃ ያጠናከረው፣ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በከፈቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ነው። ከእርሱ የተማረው ዘሪሁን የትምጌታ በኋላ ሥዕሎቹን በሸማኔ ዕቃ ላይ በሚውሉ የቀርከሃ ቅንጣቢዎች ላይ መሥራት ጀመረ። ሁለቱ ሙያዎች፣ ሽመናና ቅርጽ፣ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተገናኙ። ያ ሥራ ግን በአብዛኛው ለግድግዳና ለሙዚየም ሆነ። ወደ ለባሽ ትከሻ የሚወስደው ሰው ቦታው ገና ክፍት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሳባሃር ያሉ ድርጅቶች የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል በሚገኝ ሐርና በእጅ ሽመና ገበያ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። ባሕር ዳር ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚያስተምር ኢንስቲትዩት አለን፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ፋብሪካም አለ። ቀለም ለማስፈተሽ ሰው ከዚህ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም።

ምን እናትም? ጎርጎራ ቅርባችሁ ነው። ደብረ ሲና ማርያም ገብታችሁ ልዕልት መለኮታዊት ያሣለቻቸውን ሥዕሎች ጠርዝ ተመልከቱ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ ተመልከቱ፤ እየተጠማዘዘ፣ እየተጠላለፈ የሚሄደው መስመር ሽመና በቀላሉ የማይደርስበት ነው፣ መወርወሪያ ደረጃ በደረጃ እንጂ በክብ አይሄድምና። የጤፍ ዘለላ፣ የነጭ ሽንኩርት ራስ፣ የጥቁር አዝሙድ አበባ፣ የጣና ደንገል፤ ደምቢያን ደምቢያ የሚያሰኙት እነዚህ ናቸው። ቅዱሳት ሥዕላትን ግን ሰው በሚቀመጥበት፣ በሚጥለው ልብስ ላይ ባናትም እመርጣለሁ። ሐረጉ ይበቃናል።

የስክሪን ኅትመትንም አልጠላም። ጎንደር ውስጥ ለጥምቀት ቲሸርት የሚያትሙ ወጣቶች ጥሩ እጅ አላቸው። የእነርሱ ቀለም በፋብሪካ የተዘጋጀ ነው፤ በካውያ ወይም በሙቀት ሲመታ ይጸናል። ለጀማሪ ከዚያ መነሣት ነውር የለበትም። ነጠላ ላይ ሲሆን ግን ያ ወፍራም ቀለም ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ልስላሴውን ይወስደዋል። ሸማን ሸማ ያደረገው ደግሞ ልስላሴው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚህ አገር የእጅ ባለሙያ ብዙ ተሰድቧል። የጎንደር አዲስ ዓለም ሙስሊም ሸማኔዎች፣ የወለቃና የደምቢያ ቤተ እስራኤላውያን፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ አልፊው፣ ሸክላ ሠሪዋ፤ ጎንደርን ያለበሱና መሣሪያዋን የሠሩ ሰዎች ከገበታ ተለይተው፣ ብዙዎቹም ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። ቤተ እስራኤላውያኑ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሙያቸውም አብሯቸው ሄደ። ዛሬ ቀለምና ብረት፣ ቅርፊትና እሳት የሚያጣምር ሙያ እንጀምር ስንል ልጆቻችን እጃቸው ሲጠቁር የሚሰድባቸው ሰው እንዳይኖር ከወዲሁ አቋም መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ከቀለሙ ይበልጣል።

ስለ ገንዘብ ጥቂት ልበል። የታተመ ነጠላ ዋጋ ሲወጣ የሸማኔው ድርሻ ከቀድሞው ከቀነሰ ሥራው ከንቱ ነው። አታሚው ሸማውን በሙሉ ዋጋ ይግዛ፣ የራሱን ድካም በላዩ ይጨምር። ገዢው የሁለት ሙያ ዋጋ እንደሚከፍል ይወቅ። በልብሱ ላይ ማን እንደሸመነው፣ ማን እንዳተመው በትንሽ ጨርቅ ተጽፎ ይሰፋ።

ሙከራ ስልም መዝገብ ያለው ማለቴ ነው። እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ቦታ ቁረጡት። አንዱን ከብርሃን ሸሽጋችሁ አኑሩ፤ ሁለተኛውን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ለአንድ ወር አንጠልጥሉት፣ ከዚያ አስተያዩ። ሦስተኛውን ከነጭ ጨርቅ ጋር ሰፍታችሁ እጠቡት፤ ነጩ ከቀለመ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው። የትኛውን ውሃ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፣ ከጉድጓድ ይሁን፣ ከወንዝ፣ ከዝናብ፤ ብረት ያለበት ውሃ ቢጫውን ያጨልመዋልና። የቅርፊቱን ሚዛን፣ የተቀቀለበትን ጊዜ ጻፉ። አያቶቻችን ያወቁት ብዙ ነገር ያልደረሰን የጻፈልን ሰው ስለሌለ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሸማኔዎች፣ የተረፈ ቁራጭ አትጣሉ፤ ለሠልጣኞች ስጡ። የስፌት ባለሙያ እናቶች፣ ልጆቹን ድስታችሁ አጠገብ አስቀምጧቸው። የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ አንድ ጠረጴዛና የእጥበት ጉድጓድ ያለበት ክፍል አዘጋጁ፣ መዝገቡም እዚያው ይቀመጥ። እናንተ ሠልጣኞች፣ በእጥበትና በፀሐይ ያልተፈተነ ጨርቅ ለማንም አትሽጡ፤ ጥለቱንም አትንኩ። ከዋንዛና ከቅል የቀረጽኋቸውን ማተሚያዎች ይዤ መጥቻለሁ፤ ጥያቄያችሁን ከተቀበልሁ በኋላ መሞከር የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ።